የእማሆይ ወለተ ሐና ሙዳይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና በፍልሰታ ጾም ነው። እኔ ግን ዛሬም ከጎረቤቴ በር ሠሪ ቤት የመዶሻ ድምፅ ሲመጣ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ደንበኞቼ «ምን ሆንሽ የሺ?» ይሉኛል። ለአንድ ለአንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተነሳሁ።

ንፋስ መውጫ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ስፌቷ አይተረተርም፣ አፏ አይዘጋም ይላል። እውነት ነው፣ አልክድም። በዚያ ዓመት ከግድግዳ ተጋሪዬ ጋር በዝናብ ውሃ መውረጃ ተጣላሁ። ከዕድራችን ሰብሳቢ ጋር በድንኳን ተጣላሁ። በመጨረሻ ከገዛ እህቴ ጋር፣ ዛሬ እንኳን መነሻው በማይታወሰኝ ነገር ተኳርፈን ሦስት ወር ሳንነጋገር ቀረን።

የነፍስ አባቴ ሰምተው አስጠሩኝ።

«የሺ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ። «ስማዳ ውስጥ የሴቶች ገዳም አለ። ለፍልሰታ እንግዳ ይቀበላሉ። ሂጂና ሰባት ቀን ሱባኤ ያዢ። ጹሚ፣ ጸልዪ፣ የታዘዝሽውን ሥሪ። ከሁሉ በላይ ግን ሰባቱን ቀን ከማንም ጋር ሳትከራከሪ ተመለሺ። ቀኖናሽ እሱ ነው።»

እሳቸው አፍ አውጥተው አይሆንልሽም አላሉኝም፤ ዓይናቸው ግን ይል ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። «ሰባት ቀን ቀርቶ አሥራ አራት ቀን ዝም እላለሁ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ሱቄን ዘጋሁ። በሶና የሽምብራ ቆሎ ቋጥሬ፣ ጎማ ጫማዬን አጥልቄ በወገዳ መኪና ሄድኩ። መኪናው መንገድ ላይ አውርዶኝ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። የነሐሴ ጭቃ እግሬን እየያዘ፣ ጉሙ ፊቴን እየሸፈነ፣ እያንሸራተተኝ ደረስኩ። መንገድ ላይ የሚያናግረኝ ሰው አለመኖሩ ለቀኖናዬ ጠቀመኝ።

ገዳሙ ገደል አፋፍ ላይ ነው። በሩ ላይ የተቀበሉኝ መጋቢዋ፣ የገዳሙን እህልም ሥራም የሚያዙት እማሆይ አፀደ ማርያም ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ቁልፍ ከመቀነታቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ገና እንዳየኋቸው እንደማንስማማ አወቅሁ፤ ቁርጥ እኔን ናቸውና።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ክንድሽ ጠንካራ ይመስላል» አሉ። «እንግዲህ የእማሆይ ወለተ ሐናን ውሃና መቁኒት አንቺ ታደርሻለሽ።» መቁኒት ለእያንዳንዷ መነኩሲት የምትታደል የዕለት ምግብ ናት። ለፍልሰታ አንድ እፍኝ ቆሎ ነች፣ ሌላ ምንም የላት።

እማሆይ ወለተ ሐና ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ፍልሰታ ሲገባ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ገደሉ ጥግ ባለችው በአታቸው ይገቡና በሩን ከውስጥ ቀርቅረው፣ አርምሞ ይዘው ይቀመጣሉ። እስከ ጾሙ ፍቺ ከሰው አይነጋገሩም፣ ሰውም አያናግራቸውም። ከበአቷ መስኮት ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ክዳን ያለው ትንሽ ሙዳይና በውታፍ የተደፈነ የውሃ ቅል ይቀመጣል። ሁለቱን ሞልቶ ዞር ማለት ነው ሥራዬ።

«ሙዳዩን ባዶ ካገኘሽው ደኅና ናቸው ማለት ነው» አሉኝ መጋቢዋ። «ሁለት ቀን ተከታትሎ ሙሉ ካገኘሽው ሮጠሽ ትነግሪኛለሽ፤ ያን ጊዜ በሩ ይከፈታል። ከዚያ በቀር በር አይመታም፣ ስም አይጠራም። ከእናቶቻችን የተቀበልነው ሥርዓት ነው።»

«እሺ እማሆይ» አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ በልቤ ተደነቅሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሎውንና ጀሪካኑን ይዤ ሄድኩ። በአቷ የድንጋይ ግንብ ሆና ጣሪያዋ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ከላይዋ ትልቅ ወይራ አጎንብሶባታል። መስኮቷ ክንድ እንጂ ራስ አታስገባም። ሞላሁና እንደታዘዝኩት ፊቴን አዞርኩ። ግን እኔ እኔ ነኝ፤ በዓይኔ ጥግ አየሁ።

አንዲት የከሳች እጅ ወጣች። ቆሎውን እፍኝ አድርጋ ወሰደች። ቅሉን ስባ አስገባችና ውሃውን ገልብጣ ባዶውን መለሰች። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት አየር ላይ በመስቀል ምልክት ባርካ ገባች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ፊቴን ያየ ሰው ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር ነው፤ ሳያዩኝ የመረቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ለጉድ ነው። ሙዳዩን ሞልቼ፣ ቅሉን ሞልቼ ልመለስ ስል ከግንቡ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ድብ… ድብ… ድብ…። እያረፈ፣ እኩል እኩል። ስግደት ነው! በዚያ ዕድሜያቸው ሲወድቁ ሲነሱ ታየኝ። ከወይራው ሥር ተጠልዬ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ አንድ ላይ ዝም አለ።

አርባ አንድ! እንደ እግዚኦታው! እኔ አሁን ይህንን ይዤ ዝም እላለሁ? አለመከራከር እንጂ አለመናገር አልተባልኩም። ወደ እንግዳ ቤቱ በሩጫ ሄጄ «እማሆይ አርባ አንድ ሰገዱ፣ በጆሮዬ ቆጠርኩ!» አልኩ። እንግዶቹ ሴቶች «እግዚኦ! እግዚኦ!» ብለው አማተቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሲመሽ ወሬው መነኮሳይያቱ ዘንድ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ እንግዶቹ ሁሉ ተከትለውኝ መጡ። ድምፁ አለ። ግንባራቸውን ከግንቡ እያስነኩ ተሳለሙ። አንዷማ ከግንቡ ላይ አፈር ፍቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ወይ መታደል፣ ወይ ስግደት!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ኩራት ብጤ ተሰምቶኛል።

ሙዳዩን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ቅሉን አነሳሁ፤ ከበደኝ። ውታፉን ነቀልኩ። ትናንት የሞላሁት ውሃ አንገቱ ድረስ አለ።

ቆሎ የበላ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ይውላል? እኔ ያችን እፍኝ ቆሎ በበላሁ ቁጥር ግማሽ ጀሪካን ነው የምጨርሰው። ለመጋቢዋ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ሙዳዩስ?»

«ባዶ ነው፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ? ክረምት ነው፤ ያ ጣሪያ ያፈሳል፣ የሚንጠባጠበውን ይጠጡ ይሆናል። ወይም ከውሃም ተከልክለው ይሆናል። የሰው ተጋድሎ አይመረመርም፣ ልጄ።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ሦስት መልስ ነበረኝ። ዋጥኳቸው። ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ቀኖናዬን በአንድ ቅል ውሃ አላፈርስም አልኩ።

በአራተኛው ቀን ድምፁ ቀንሷል። ድብ ይልና ረጅም ጊዜ ይጠፋል። ተመልሶ ድብ ይላል። እንግዶቹ «ዛሬ በተመስጦ ነው የሚሰግዱት» አሉ። ሙዳዩ ባዶ፣ ቅሉ ሙሉ። አሁንስ በዛ! ቆሎውን እንደያዝኩ ወደ መጋቢዋ ተመለስኩ።

«እማሆይ፣ በእመቤታችን፣ በሩን እናስከፍት። ሁለት ቀን ውሃ አልነኩም።»

ቁልፋቸውን አንኳኩ። ሲቆጡ ልማዳቸው ነው። «አንቺው አይደለሽም አርባ አንድ ሰገዱ ብለሽ ገዳሙን ያናወጥሽው? አሁን ደግሞ ታመሙ ትያለሽ። የታመመ ሰው ይሰግዳል?»

እኔ የሺ በራሴ አፍ ታሰርኩ።

«ሂጂ፣ ሙዳዩን ሙዪ። ሙሉውን ሁለት ቀን ስታገኚው ነይ» አሉኝ።

እየተቃጠልኩ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ግን ሙዳዩን የሚከፍተው የእሳቸው እጅ መሆኑን የማረጋግጥበት ሐሳብ መጣልኝ። መርፌ ከነክሩ ከመቀነቴ አይጠፋም። ቆሎውን ጨመርኩና ክዳኑን ከሙዳዩ ጋር በሦስት ቦታ ሰፋሁት። ጫፉን አንዴ ሲስቡት ብትን የሚል ቋጠሮ ቋጠርኩ። ልብስ ለልክ ሲሰፋ የምንቋጥረው ነው፤ ጣት ያለው ሰው ሁሉ ይፈታዋል። ማናገር ክልክል ነውና ሙዳዩን አነጋገርኩት፣ ጮክ ብዬ።

«ሙዳዬ ሆይ፣ እማሆይ ክርሽን አንዴ ሳብ ካደረጉት ትፈቻለሽ፣ እሺ?»

ከውስጥ ድብ አለ። ስግደታቸውን ቀጠሉ ብዬ ሄድኩ። ምን ዓይነት ደደብ ነበርኩ!

በአምስተኛው ቀን ዝናቡ እንግዶቹን አስቀራቸው፤ ብቻዬን ሄድኩ። ሙዳዩ ከድንጋዩ ሥር ወድቋል። ጎኑ በጥርስ ተቦጫጭቆ ስንደዶው ወጥቷል። ቆሎው የለም። ክዳኑ ግን እንደሰፋሁት ነው። ቋጠሮዬ እንደቋጠርኩት አለ፣ ማንም አልነካውም።

ሰው ቋጠሮ ይፈታል እንጂ ሙዳይ በጥርሱ ይቦጫጭቃል?

ቀና ስል ወይራው ላይ አንድ ጦጣ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቆ መምጣቱ ነው። እኔ ዘንድ ያለውን ቆሎ እያየ እጁን ያሻሻል። በስመ አብ ወወልድ! ገዳሙ ደኅንነታቸውን የሚያውቀው በባዶ ሙዳይ ነው፤ ሙዳዩን ባዶ የሚያደርገው ደግሞ ይህ ነው።

አፌን መስኮቷ ላይ ገጠምኩ። ሥርዓትም ቀኖናም ረሳሁ።

«እማሆይ! እማሆይ ወለተ ሐና!»

ድብ።

ስግደት እኮ ለሰው መልስ አይሰጥም።

«እኔ ነኝ፣ ውሃ አምጪዋ። ደኅና ከሆኑ አንድ ጊዜ ይምቱ። ካልሆኑ ሁለት ጊዜ።»

ትንሽ ቆየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ድብ አለ። ሌላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ድብ።

አራት ቀን ሙሉ ድረሱልኝ ሲሉ እኔ ስግደት ብዬ ቆጠርኩ። አርባ አንድ ብዬ አወራሁ። ሰው ጠርቼ ግንቡን አሳለምኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። «መጣሁ እማሆይ፣ መጣሁልዎ» እያልኩ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። የጽድ በር ነው፣ ነቅነቅ አላለም። የተቦጫጨቀውን ሙዳይ ይዤ ወደ ማዕድ ቤቱ ሮጥኩ።

መነኮሳይያቱ ማዕድ ላይ ናቸው። ማዕድ ላይ አንዷ መጽሐፍ ታነባለች እንጂ ሌላ ሰው ትንፍሽ አይልም። እማሆይ አፀደ ማርያም በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አገዱኝ።

«ምን ሆንሽ? ማዕድ ላይ ናቸው!»

«እማሆይ፣ ይፍቱኝ፣ ልከራከርዎ ነው!» አልኩ። አምስት ቀን የታፈነው ሁሉ ወጣ። «ቀኖናዬ ይፍረስ! አርባ አንድ ሰገዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው፣ ስግደት አይደለም! ግንብ እየመቱ ነው። ጠይቄያቸው መልሰውልኛል። ቆሎውን የሚበላው ጦጣ ነው። ካልከፈታችሁ ጣሪያውን ወጥቼ እገነጥለዋለሁ!»

«አነጋገርሻቸው?» አሉ፣ ደንግጠው።

«አነጋገርኳቸው! ነገም አነጋግራቸዋለሁ!»

ንባቡ ቆመ። እመ ምኔቷ፣ የገዳሙ እናት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ዓይናቸው ደካማ ነው። «አምጪው» ብለው ሙዳዩን ተቀበሉኝ። በጣታቸው ዳበሱት፤ የተቦጫጨቀውን ጎን፣ ከዚያ ክዳኑን፣ ከዚያ ቋጠሮዬን። ጫፉን አገኙና ሳብ አደረጉት። ብትን አለ።



«ይህን መፍታት ወለተ ሐናን አያቅታቸውም ነበር» አሉ እመ ምኔቷ። «መጥረቢያ አምጡ።»

ከሁላችን ቀድመው የሮጡት እማሆይ አፀደ ማርያም ናቸው። ጫማቸውን እዚያው ማዕድ ቤቱ በር ላይ ጥለው ነው የሄዱት። የገዳሙን እርሻ የሚያርሱት አያ ሞላ መጥረቢያ ይዘው ደረሱና በሩን በአራት ምት አፈረሱት።

እማሆይ ወለተ ሐና መሬት ላይ ተጋድመዋል። አንድ እግራቸው ያለ ወጉ ዞሯል። በአንድ እጃቸው የእንቁላል ያህል ድንጋይ ይዘዋል፤ ግንቡ እሱ የመታው ቦታ ላይ ተፈግፍጓል። ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር አንድ ጣሳ ጎትተው አስቀምጠዋል። እውነትም የጣሪያ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ መጋቢዋ እንዳሰቡት ግን በተጋድሎ አይደለም።

ዓይናቸው ተከፍቷል። አዩኝ። እጃቸውን በጭንቅ አንስተው ያችኑ የመጀመሪያ ቀን ምልክት አየር ላይ ሠሩ። መናገር ግን አልተናገሩም። እመ ምኔቷ ገባቸው።

«ከአርምሞዎ ፈትቼዎታለሁ፣ እህቴ። ይናገሩ።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የላቸውም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ቆሎዬን» አሉ፣ «ማነው የሚበላው? ሲቆረጥም እሰማዋለሁ።»

ሳቅሁ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። እማሆይ አፀደ ማርያም ግን መሬቱ ላይ ተደፍተው የእማሆይን እግር ይዘው «ይፍቱኝ፣ ይፍቱኝ» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ቂሜ ሁሉ ለቀቀኝ። እኔም እኮ ያው ነኝ።

አያ ሞላና ለቅዳሴ የመጡት የአጥቢያው ሰዎች ቃሬዛ አሰሩ። ስመጣ ሁለት ሰዓት የፈጀብኝ መንገድ ስንወርድ አራት ሰዓት ገደማ ፈጀ። እግራቸው ሲነቃነቅ ያቃስታሉ፤ እኛ ስንቆም «ሂዱ» ይላሉ። መጋቢዋ ያለ ጫማ፣ ጥላ ዘርግተው ከአጠገባቸው አልተለዩም። ጥላው ራሳቸውን አንድ ጊዜም አልሸፈነም።

መኪና መንገዱ ላይ ስንደርስ ከወገዳ የሚመጣ አንድ አይሱዙ አስቆምን። ባለቤቱ ሰይድ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ፍራሽ ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ይሄዳል። ቃሬዛውን ሲያይ ምንም ሳይጠይቀን ዘለለና አንዱን አዲስ ፍራሽ ከላስቲኩ አውጥቶ ከሸራው ሥር አነጠፈ።

«ኧረ በጭቃ እንበክልብሃለን፣ ያውም አዲስ ፍራሽ» አሉ እማሆይ አፀደ ማርያም።

«እማሆይ፣ ፍራሽ የሚሠራው ለሰው ነው» አላቸው። «እሳቸው መርቀው ይተኙበት፣ እኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

እውነትም እንደ ሙሽራ መኪና ነው የነዳው። ሆስፒታል ካደረሰን በኋላ ፍራሹን ልንመልስለት ብንፈልገው ሄዷል። «አላህ ያሽርዎት ብሎ ነው የወጣ» አለኝ ዘበኛው።

የተሰበረው የዳሌ አጥንታቸው ነው። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተልከው ተጠገኑ። ከዚያ ሲወጡ ገዳሙ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ክፉ ነው ብዬ እኔ ቤት አስገባኋቸው። እህቴ ወሬውን ሰምታ መጣች። ስንት ወር ያልተነጋገርን ሰዎች ደጃፍ ላይ ተያየን። እሷ በእግራቸው በኩል፣ እኔ በራሳቸው በኩል ይዘን አልጋ ላይ ስናስተካክላቸው «ቀስ በይ፣ አንቺ!» አለችኝ። «አንቺ ቀስ በይ!» አልኳት። በዚያው ታረቅን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሰፋሁ ሳለ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ ለምን አልጮሁም?»

«በወደቅሁበት ቀን አርምሞዬን ላላፈርስ ብዬ ነው» አሉኝ። «ግንቡን ብመታ ይመጣሉ፣ ግንብ መምታት ንግግር አይደለም አልኩ። መታሁ፣ መታሁ፣ ደከመኝ። በማግስቱ ሰው ሲመጣ ሰማሁ። ተመስገን ብዬ እንደገና ስመታ፣ ‹አርባ አንድ ሰገዱ እኮ!› ይላሉ። ግንቡንም ሲስሙ ይሰማኛል። ስመታ ‹ወይ መታደል› ይላሉ። ያን ጊዜ ልጣራ ብል ድምፄ ሄዷል።»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «እኔ ነኝ፣ እማሆይ። ያወራሁት እኔ ነኝ። ልገድልዎት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «ድምፅሽ ነበር። ሙዳዩን ስታነጋግሪውም ያው ድምፅ ነበር። ይቺ ለፍላፊ አንድ ቀን ታገኘኛለች ብዬ ነው በማግስቱም የመታሁ። እኔ እንኳ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዳሌዬ አላስቅ ብሎኝ ነው እንጂ።»

እንዲህ ብለው ይቅር አሉኝ። እኔ ግን ራሴን ገና ይቅር አላልኩም። ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነግሬ፣ «አባ፣ አምስተኛው ቀን ላይ ተከራከርኩ፣ ቀኖናዬን አፈረስኩ» አልኳቸው። እሳቸውም «የመከራከሩን እንተወው» አሉ። «የሁለተኛውን ቀን ወሬ ነው የምትናዘዢው።» በዚያች ቃል የት ቦታ እንደሚያመኝ አወቅሁ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ እማሆይ ወለተ ሐና በምርኩዝ ሄደው በአታቸውን እንደገና ዘጉ። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ እህቴም አልቅሳ አልሆነም። ከሆስፒታል በምርኩዝ የወጡት ሴት በሩን ቀረቀሩት። እማሆይ አፀደ ማርያም ጣሪያውን ሊያስደፍኑ ቢነሱ «ያቺን ቀዳዳ ተዉልኝ፣ ባለውለታዬ ናት» ብለው ከለከሉ። ሥርዓቱ ግን ተለውጧል። አሁን ሙዳይ ብቻ አይታመንም። ውሃ ያደረሰች ሰው መስኮቷን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ከውስጥም ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሁለት ካልተሰማ በሩ በዚያው ሰዓት ይፈርሳል። መጥረቢያው ከወይራው ሥር ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ ያስቀመጡት ራሳቸው መጋቢዋ ናቸው።

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩና ያንኑ ሥራ ለመንኩ። መጋቢዋ ቁልፋቸውን አንኳኩና «ከአንቺ ሌላ ለማን ልሰጠው ኖሯል?» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሙዳዩን ሞላሁ፣ ቅሉን ሞላሁ፣ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ጆሮዬን ግንቡ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ።

ድብ አለ።

ሌላ የለም። ጠበቅሁ። «እማሆይ!» አልኩ። ዝም። ዘልዬ መጥረቢያውን አነሳሁና በሩ ፊት ቆሜ ክንዴን ሰቀልኩ።

ድብ።

«እማሆይ ወለተ ሐና!» ብዬ ጮህኩ። «እንዲህ ይቀለዳል? በነፍሴ! ለእመ ምኔቷ ነው የምናገረው! ለመነኩሲት ይህ ነውር አይደለም?» መጥረቢያውን ወርውሬ እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አልኩና እያለቀስኩ የመጣልኝን ሁሉ ለፈለፍኩ።

ከግንቡ ውስጥ ቀጭን ሳቅ ይሰማኛል። አርምሞ ሳቅን አይከለክልም መሰለኝ። እስኪያበቁ ድረስ ተቀምጬ አዳመጥኩ።